ሌዠር ሴንተራችሁ ውስጥ ዌልሽ እንዲሰማ እንዴት ታደርጋላችሁ? ከሪሴፕሽን እስከ መዋኛ ገንዳ

ዌልስ ውስጥ፣ ካርዲፍ፣ ስዋንሲ፣ ኒውፖርት ወይም ሬክስሃም ባለ ሌዠር ሴንተር (የመዋኛና የስፖርት ማዕከል) የምትሠሩ ወገኖች አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ታነሱልኛላችሁ። "ማናጀሬ የዌልሽ ቋንቋውን ጉዳይ ያዘው አለኝ። እኔ ራሴ ቋንቋውን አልችልም። ከየት ልጀምር?" እኔም የጀመርኩት እዚያው ነው፤ ደቡብ ዌልስ ውስጥ አንድ ሌዠር ሴንተር ሪሴፕሽን ላይ ቆሜ።

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። መጀመሪያ ሰሌዳ ይለጠፋል። ከዚያ በራሪ ወረቀት ይታተማል። አንድ የመዋኛ ክፍል ይከፈትና ሦስት ልጅ ይመዘገባል። በመጨረሻም "ፍላጎት የለም" ተብሎ ይዘጋል።

ፍላጎቱ ግን አለ። የማይታየው፣ ሰው አፍ አውጥቶ ስለማይጠይቅ ነው። ዌልሽ የሚናገር ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም እንግሊዝኛ ይችላል። ከኋላው ሰልፍ ቆሞ እያየ "በዌልሽ አስተናግዱኝ" ብሎ አይከራከርም። ስለዚህ ቀድማችሁ የምታቀርቡት እናንተ ናችሁ። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በዚህ ላይ የቆመ ስለሆነ አታዘዋውሩት። በተለይ ከሰሌዳ አትጀምሩ።

የዌልሽ ቃላቱን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። "ኽ" የሚለውን እንደ ትግርኛው ከጉሮሮ አውጡት። "ህል" ብዬ የጻፍኩት ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም። ምላሳችሁን "ል" ልትሉ እንደሆነ አስቀምጡና ድምፅ ሳታወጡ አየር ንፉ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ የካውንስላችሁን የግዴታ ሰነድ ያዙ

በ2011 የወጣው የዌልስ ቋንቋ ሕግ ለዌልሽ ኦፊሴላዊ ደረጃ ሰጥቷል። የቋንቋ ኮሚሽነርም አቋቁሟል። ኮሚሽነሩ ለየካውንስሉ (ለየአካባቢው አስተዳደር) ማሟላት ያለበትን ነጥብ የሚዘረዝር ሰነድ ይሰጣል። የካውንስሎቹ ግዴታ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ማርች 30 ቀን 2016 ነው።

1. ሰነዱን ከካውንስላችሁ ድረ ገጽ አውርዱ። የሕዝብ ሰነድ ነው፤ ፈቃድ አያስፈልገውም።
2. ከመቶ በላይ ነጥብ ስላለው ሁሉንም ላንብብ አትበሉ። ስልክ፣ ሪሴፕሽን፣ ሰሌዳ፣ ኮርስ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ድረ ገጽና ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ቅጥር የሚሉትን ብቻ ለዩ።
3. በየነጥቡ አጠገብ "አለ" ወይም "የለም" ብላችሁ ጻፉ። ይህች አንድ ገጽ የሥራ ዕቅዳችሁ ናት።

ተጠንቀቁ። የጎረቤት ካውንስል ሰነድ አትዋሱ። ነጥቦቹ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ።

"እኛ የግል ድርጅት ነን፤ አይመለከተንም" ከተባላችሁ። ብዙ ሌዠር ሴንተሮችን የሚያስተዳድሩት በኮንትራት የገቡ ኩባንያዎች ወይም የበጎ አድራጎት ተቋማት ናቸው። አገልግሎቱ በካውንስሉ ስም የሚሰጥ እስከሆነ ድረስ ግዴታው አብሮ ይሄዳል። ተጠያቂው ካውንስሉ ነው። ኮሚሽነሩም እስከ 5,000 ፓውንድ ሊቀጣው ይችላል። ከማናጀራችሁ ጋር አትሟገቱ። የካውንስሉን የዌልሽ ቋንቋ ኃላፊ ፈልጉና ለማናጀሩ አንድ ኢሜይል እንዲጽፍ ጠይቁ። እኔ ሦስት ወር ያስረዳሁትን ነገር አንድ እንዲህ ያለ ኢሜይል በአንድ ቀን ጨርሶታል።

ደረጃ 2፦ ማን ምን መናገር እንደሚችል እወቁ

"ዌልሽ ትችያለሽ?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ "ኧረ አልችልም" ነው። ዌልስ ውስጥ የተማረ ወጣት ግን እስከ 16 ዓመቱ ዌልሽ ተምሯል። ያፍራል እንጂ ባዶ አይደለም። ጥያቄውን በሥራ ቆራርጡት፦

- ሰላምታ መስጠት ትችላለህ?
- ዋጋና ሰዓት መናገር ትችላለህ?
- ገንዳ ዳር ልጆችን ማዘዝ ትችላለህ?
- ቅሬታ ተቀብለህ መልስ መስጠት ትችላለህ?

አራቱን በወረቀት አድርጉና ለሁሉም ስጡ። ለጽዳት ሠራተኛም፣ ገንዳ ዳር ለሚጠብቀው ላይፍጋርድም፣ ለጂም አሠልጣኝም። አንድ ጊዜ ከሁሉም የተሻለ ዌልሽ ሲናገር ያገኘነው ማታ ማታ ልብስ መቀየሪያውን የሚያጸዳውን ልጅ ነበር። እስከዚያች ቀን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ከዚያ ስሞቹን ይዛችሁ የፈረቃ ድልድሉን ከሚሠራው ሰው ጋር ተቀመጡ። ሕዝብ በሚበዛበት ሰዓት ሁሉ ቢያንስ አንድ ተናጋሪ ይኑር። እኔ ይህን ባለማየቴ ሦስቱም ተናጋሪዎቻችን ማክሰኞ ጠዋት ላይ ተደራርበው ቅዳሜ ባዶ ሆኖ ነበር።

ቀጥሎ ባጁ ነው። ብርቱካናማ የንግግር አረፋ ላይ "ከምራይግ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ባጅ ከኮሚሽነሩ ቢሮ ይገኛል። ከምራይግ ማለት በራሱ በቋንቋው "ዌልሽ" ማለት ነው። እየተማሩ ላሉም የራሳቸው አለ። ማንንም አታስገድዱ። ባጁን ያደረገን ሰው ደንበኞች እውነትም በዌልሽ ያናግሩታል፤ ካልተዘጋጀ በሁለተኛው ቀን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

ምን ያህል ርቃችሁ መሄድ እንዳለባችሁ የሚወስነው ቦታው ነው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ በሰሜን ምዕራብ ዌልስ ባለችው ጉዊኔዝ ውስጥ ዌልሽ የሚናገረው 64.4 በመቶ ነበር፣ ካርዲፍ ውስጥ 12.2 በመቶ። ጉዊኔዝ ያለ ሠራተኛ ሙሉ ፈረቃውን በዌልሽ ማንቀሳቀስ ይችላል። ካርዲፍ ያላችሁ ደግሞ ሪሴፕሽኑንና የልጆቹን ክፍል አጥብቃችሁ ያዙ።

እናንተስ? ተማሩ። ብሔራዊው የዌልሽ መማሪያ ማዕከል ለሥራ ቦታ የሚሆኑ አጫጭር የኦንላይን ኮርሶች አሉት። ዕድሜያችሁ ከ16 እስከ 25 ከሆነ የማዕከሉን ኮርሶች ያለ ክፍያ ትወስዳላችሁ። ከውጭ መጥቶ ዌልሽ የሚሞክር ሰው እዚህ አገር ምን ያህል እንደሚወደድ እናንተው ታዩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያዋን ቃል ቀይሩ

ገንዘብ አያስወጣም። ከሁሉም በላይ የሚሠራውም ይኸው ነው።

1. ሪሴፕሽን ላይ ያለ ሁሉ፣ ተናጋሪ ሆነም አልሆነም፣ በዌልሽ ሰላም ይበል። ጠዋት "ቦሬ ዳ"፣ ከሰዓት "ፕረንሃውን ዳ"፣ ማታ "ኖስዋይስ ዛ"። እንግሊዝኛው ከዚያ ይከተላል። ስልክ ስታነሱም እንዲሁ።
2. ሰላም ካላችሁ በኋላ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም በሉ። ደንበኛው ቋንቋውን የሚመርጠው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። ሁለቱን ሰላምታ አያይዛችሁ ካሮጣችሁት ምርጫውን ነጠቃችሁት።
3. በዌልሽ ከቀጠለና እናንተ ካልቻላችሁ "ኢን አይልያድ" በሉ፤ "አንድ አፍታ" ማለት ነው። ባጅ ያለውን ባልደረባ ጥሩ።
4. ባልደረባው ከሌለ ይቅርታ ጠይቁ። በእንግሊዝኛ አስተናግዱ። ዌልሽ ተናጋሪ መቼ እንደሚገባ ንገሩት።
5. ስትሸኙ "ዲዮልኽ" በሉ፤ "አመሰግናለሁ"።

ለእኛ የሚቀል ነገር አለ። ዌልሽም እንደ አማርኛ አንተና እርስዎ ይለያል። "ቲ" ለልጅና ለቅርብ ሰው ነው፣ "ኺ" ለማያውቁት፣ ለትልቅ ሰውና ለብዙ። ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ "ኺ"።

ተጠንቀቁ። "እዚህ ሁሉም እንግሊዝኛ ይችላል እኮ" የምትለው ዓረፍተ ነገር ከአፋችሁ አትውጣ። ያ ሰው ሁለተኛ በዌልሽ አይሞክራችሁም።

ሠራተኞቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰላምታውን ከተዉት። ይተዉታል፤ ጠብቁት። ስብሰባ አትጥሩ። ሦስቱን ሰላምታ እንደሚነበቡ አድርጋችሁ ትንሽ ካርድ ላይ ጻፉና ከኮምፒዩተሩ ሥር ለጥፉ። ከዚያ በጣም ሕዝብ በሚበዛበት ፈረቃ ላይ አንድ ሰው ብቻ ይዛችሁ እንደገና ጀምሩ። ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ይዛመታል።

ለሁለት ዓመት ያህል በሳምንት ሦስቴ ሊዋኙ የሚመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነበር። አንድ ጠዋት "ቦሬ ዳ" አልኳቸው። ቆሙ፣ አዩኝ፣ ከዚያ በዌልሽ ብዙ ነገር ተናገሩ። አንድም አልገባኝም። ለካ አፋቸውን የፈቱት በዌልሽ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ የነበረውን ፍላጎት ያየሁት ያን ቀን ነው። ካርዷን ለመላው ፈረቃ የጻፍኩትም በዚያው ሳምንት ነው።

ደረጃ 4፦ የዌልሽ መዋኛ ክፍል ክፈቱ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ተከተሉ።

ለምን መዋኛ? በ2021 ቆጠራ ዌልሽ ተናጋሪዎች 538,300 ነበሩ፤ በ2011 ከነበረው ያነሰ ነው። ቅናሹ በተለይ የታየው በልጆች ላይ ነው። ካርዲፍን የመሰለ ከተማ ውስጥ በዌልሽ ትምህርት ቤት የሚማር ብዙ ልጅ ቋንቋውን ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ የሚሰማበት ቦታ የለውም። ገንዳው ያንን ቦታ ሊሆንለት ይችላል። ደግሞም ብዙ ካውንስሎች ለሕዝብ ክፍት የሆነ ኮርስ በዌልሽም እንዲቀርብ ግዴታ አለባቸው። ዋና ማስተማርም ክህሎት የሚያስተምር ኮርስ ነው።

*ሀ. መጀመሪያ አስተማሪ፣ ከዚያ ማስታወቂያ*

ያለ አስተማሪ ምዝገባ አትክፈቱ። ደረጃ 2 ላይ ያገኛችኋቸውን ስሞች እዩ። ዌልሽ የምትችል ግን የማስተማር ፈቃድ የሌላት ላይፍጋርድ ካለች፣ ፈቃዱን እንድታወጣ የሥልጠና ወጪዋን ጠይቁላት። ይህ ወራት ይወስዳል፤ ዛሬ ጀምሩ። ከውጭ መፈለግ ካለባችሁ ኡርዝ ጋር ደውሉ። ኡርዝ በ1922 የተመሠረተ የዌልስ ወጣቶች ድርጅት ነው። በዌልሽ የስፖርት ክበቦችን ያካሂዳል፣ ወጣቶችንም ለስፖርት ሥራ በልምምድ ያሠለጥናል። በየአካባቢው ያለው መንትር ያይስ የሚባለው የቋንቋ ማኅበርም ሰው ያውቃል።

ሁለት አስተማሪ እስክታገኙ ድረስ ቢያንስ አንድ ተተኪ ይዘጋጅ። ዋናዋ ስትታመም ክፍሉ ወደ እንግሊዝኛ ከዞረ ወላጆች አንዴ ይታገሳሉ፤ ሁለተኛው ላይ ልጃቸውን ያወጣሉ።

*ለ. ሰዓቱን ከትምህርት ቤቱ ጋር ወስኑ*

ክፍል የሚገድለው ሰዓት ነው። የዌልሽ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ብዙ ጊዜ ከሰፊ አካባቢ ይሰበስባሉ፤ ልጆቹ በአውቶቡስ ነው የሚመለሱት። ለሌሎች የሚመቸው ከትምህርት እንደወጡ ያለው ሰዓት ለነሱ አይደርስም። የማታው መጨረሻ ሰዓት ደግሞ ለስድስት ዓመት ልጅ የእንቅልፍ ሰዓት ነው። የተረፈ ሰዓት ለዌልሽ ክፍል አትስጡ።

1. በአቅራቢያችሁ ያሉትን የዌልሽ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዘርዝሩ።
2. የልጆቹ አውቶቡስ ስንት ሰዓት ቤት እንደሚያደርስ ጠይቁ።
3. ሁለት አማራጭ ሰዓት ይዛችሁ በትምህርት ቤቱ በኩል ወላጆችን ጠይቁ። "ዌልሽ ክፍል ትፈልጋላችሁ?" አትበሉ። "ቅዳሜ ጠዋት 9:30 በዌልሽ ጀማሪ ክፍል አለ፤ ልጅዎን እናስመዝግብ?" በሉ። በመጀመሪያው ጥያቄ ሐሳብ ትሰበስባላችሁ፣ በሁለተኛው ልጆች ትመዘግባላችሁ።
4. በዚያው ሰዓት ተመሳሳይ ደረጃ ያለው የእንግሊዝኛ ክፍል ጎን ለጎን ቢኖር ጥሩ ነው። ሁለት ልጅ ያለው ወላጅ ሁለት ጊዜ አይመላለስም።

*ሐ. በምዝገባው ሲስተም ላይ እንዲታይ አድርጉ*

ክፍሉ ከዝርዝሩ ሥር "ሌሎች" በሚለው ውስጥ ከተደበቀ የለም ማለት ነው። ከእንግሊዝኛው ጎን፣ በዚያው የደረጃ ስምና በዚያው ዋጋ ይቀመጥ። አጠገቡ አንድ መስመር ጨምሩ፦ "ወላጅ ዌልሽ መቻል የለበትም።" ከከተማ የሚመጡ ብዙ ወላጆች ራሳቸው አይናገሩም። ልጃቸውን የሚያስቀሩት በዚህ ፍርሃት ነው።

*መ. የደኅንነት ቃላቱን አስቀድማችሁ ተስማሙ*

ይህን ሳትጨርሱ ልጅ ውኃ ውስጥ አይግባ። አስተማሪዋና ላይፍጋርዱ ከክፍሉ በፊት አሥር ደቂቃ ይቀመጡ። ፊሽካው ለሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ትርጉም ይኑረው። ላይፍጋርዱ ዌልሽ ካልቻለ በአደጋ ጊዜ እሱ የሚሰማበት ቋንቋ ይነገር። ልጅ በዌልሽ ተጠርቶ ዞር ካላለ ወዲያው በእንግሊዝኛ ጥሩት። አደጋ ላይ ቋንቋ አይመረጥም።

*ሠ. የክፍሉን ቃላት ለጥፉ*

አስተማሪዋ ሁሉንም ታውቃለች። ረዳቷና ላይፍጋርዱ ግን እነዚህን ይያዙ፦

- "ኪክዩኽ"፦ እግራችሁን ምቱ
- "ኔይድዩኽ"፦ ዝለሉ
- "ዳልዩኽ"፦ ያዙ
- "ስዊጎድ"፦ አረፋ (ውኃ ውስጥ ንፉ ለማለት)
- "አርኖቪዮ"፦ መንሳፈፍ
- "ዲም ሬዴግ"፦ መሮጥ የለም
- "ኢን፣ ዳይ፣ ትሪ"፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት
- "ዳ ያውን"፦ ጎሽ!

መጨረሻቸው "ኡኽ" የሚሉት ለብዙ ሰው የሚሰጡ ትእዛዞች ናቸው፤ እንደ እኛ "ምቱ፣ ዝለሉ" መሆኑ ነው።

ሦስት ልጅ ብቻ ከተመዘገበ። አትዝጉ። ተከታታይ የሆኑ ሁለት ደረጃዎችን በአንድ ክፍል አዋህዱና አንድ የትምህርት ወቅት ሙሉ አስኪዱ። ወሬ በትምህርት ቤት በር ላይ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ጋ ከሦስት ልጅ ተነስቶ ክፍሉ የሞላው በሦስተኛው ወቅት ነበር።

አስተማሪዋ መሃል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ከዞረች። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ልጅ ሳይገባው ሲቀር ነው። ቃሉን በእንቅስቃሴ አሳይታ እንደገና በዌልሽ እንድትለው አለማምዷት። ውኃ ውስጥ አብዛኛው ትምህርት በእጅና በእግር ነው የሚታየው።

ደረጃ 5፦ አሁን ወደ ሰሌዳው

1. የሚቀየሩትን ሰሌዳዎች በፎቶ ዘርዝሩ። መግቢያ፣ ልብስ መቀየሪያ፣ የገንዳ ጥልቀት፣ መውጫ ቀድመው ይምጡ።
2. ጽሑፉን ለካውንስሉ ተርጓሚ ላኩ። ከፎቶው ጋር። ቃሉ የት እንደሚለጠፍ ያላየ ተርጓሚ ይስታል።
3. ዌልሹ ቀድሞ እንዲነበብ አድርጉ፤ ከላይ ወይም ከግራ።
4. የተዘጋጀውን ዲዛይን ከመታተሙ በፊት ዌልሽ የሚያነብ ሰው ይየው። ይህን ደረጃ በምንም ምክንያት አትዝለሉ።

ለምን እንደማጠብቅ ልንገራችሁ። በ2008 ስዋንሲ ውስጥ ለከባድ መኪና መግባት ክልክል ነው የሚል የመንገድ ሰሌዳ ተተከለ። የዌልሹ ጽሑፍ ግን "አሁን ቢሮ የለሁም፤ የሚተረጎም ሥራ ካለ ላኩልኝ" ይል ነበር። የተርጓሚውን የኢሜይል አውቶማቲክ መልስ ትርጉም መስሏቸው አትመውታል። በ2006 ደግሞ በካርዲፍና በፔናርዝ መካከል "ብስክሌተኞች ውረዱ" መባል የነበረበት ሰሌዳ በዌልሹ ስለ ፊኛ ሕመም ሲናገር ተገኘ። ሁለቱንም ዌልሽ የሚያነብ አንድ ሰው በግማሽ ደቂቃ ያስቆማቸው ነበር።

ከድሮ ሰሌዳ ቃል ቆርጣችሁ አዲስ ላይ አትለጥፉ። ዌልሽ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል እንደ ቦታው ይቀይራል። ገንዳ "ፑህል" ነው፤ ሁለት ገንዳ ግን "ዳይ ቡህል" ይሆናል። ካርዲፍ "ካይርዲዝ" ነው፤ "እንኳን ወደ ካርዲፍ በደህና መጡ" ሲባል "ክሮይሶ ኢ ጋይርዲዝ" ይሆናል። የስልክ ተርጓሚ ለራሳችሁ ለመረዳት ይጠቅማል። ለሰሌዳ አትመኑት።

ፊደሉ በስክሪን ላይ የጥያቄ ምልክት ከሆነ። ዌልሽ አንዳንድ ፊደል ላይ "ቶ ባኽ" ያስቀምጣል፤ ትንሽ ጣሪያ ማለት ነው። ውኃ ማለት "ዱር" ነው፣ የሚጻፈውም በዚህች ጣሪያ። ለመዋኛ ቦታ ይህ ቃል በየቀኑ ያስፈልጋል። የምዝገባ ሲስተሙ፣ የቲኬት ማተሚያውና የስክሪን ማስታወቂያው ይህን ቃል በትክክል ማውጣታቸውን ሞክሩ። አማርኛ ፊደል ሣጥን ሣጥን ሆኖ ሲወጣ ያየ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ካልሠራ ጣሪያዋን አውጥታችሁ አትጻፉ፤ ሲስተሙን ለሚያስተዳድረው ክፍል በጽሑፍ አሳውቁ።

በድምፅ ማጉያ የሚነገር ማስታወቂያም ዌልሹ ይቅደም። "ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ቀርቷል" የመሳሰሉትን ዘወትር የሚደጋገሙትን አንድ ተናጋሪ በሁለቱም ቋንቋ ቀድቶ ቢያስቀምጥ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ መዝግቡ

በወር አንዴ ሦስት ነገር ጻፉ። ስንት ልጅ በዌልሽ ክፍል አለ? ስንት ሰው ሪሴፕሽን ላይ በዌልሽ ቀጠለ? ተናጋሪ ያልነበረባቸው ፈረቃዎች የትኞቹ ናቸው? ለሁለተኛው ጠረጴዛው ሥር አንድ ወረቀት አስቀምጡ፤ ሰው በቀጠለ ቁጥር መስመር ይጨመር።

ቅሬታ ሲመጣ በመጣበት ቋንቋ መልሱ። በዌልሽ የተጻፈ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አይመለስም። መልሱን የሚጽፍ ሰው ከሌለ ለካውንስሉ ተርጓሚ በዚያው ቀን ላኩ፤ ሳምንት አታሳድሩት።

አንድ ሠራተኛ ሲለቅ ክፍት ቦታው ማስታወቂያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ማናጀሩን አግኙት። ለዚያ ቦታ ዌልሽ ግዴታ ነው? ቢኖር ጥሩ ነው? ወይስ ተቀጥሮ ይማረዋል? ይህ ውሳኔ ከመለጠፉ በፊት ካልተወሰነ ቀጥሎ የምታገኙት ዕድል ያ ሰው በተራው ሲለቅ ነው።

ማናጀሩ "ክፍሉን እንዝጋው" ያለ ዕለት ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ አውጡ። ስንት ልጅ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደመጣ፣ ክፍሉ በየትኛው ሰዓት እንደተሰጠ፣ አስተማሪዋ ስንት ቀን እንደቀረች አሳዩት። ከዚያ ለሚቀጥለው ወቅት የቅዳሜ ጠዋቱን ሰዓት ጠይቁ፣ ያውም ምዝገባ ከመከፈቱ ስድስት ሳምንት በፊት።